ክዳኑ እግር የሚሆነው መሶብ

እኛ ሰዎች ደግሞ መደበቅ እንወዳለን። ቪዛ የተመታለት ሰው ለጎረቤቱ የሚነግረው ቦሌ ከደረሰ በኋላ አይደል? ዓይን ይበላኛል ብሎ እኮ ነው፤ አልፈርድበትም። የጓደኛዬን የታዴን መደበቅ ግን እስካሁን አልረሳውም።

ታዴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዲኤፍደብሊው በሚሉት ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ያኔ በዘጠናዎቹ እዚያው አቅራቢያ፣ ሌዊስቪል አንድ አፓርትመንት ነበርን። መሶብ ሻንጣ አልገባ ብሏቸው ታቅፈውት የሚወርዱ እናቶችን ሲጭን ከርሞ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ክዳኑ ሲገለበጥ እግር የሚሆን፣ አጥሮም ሻንጣ የሚገባ መሶብ። እሱ ነደፈው፣ ሚስቱ አልማዝ ሰፋችው። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ይኼ ከመሪ ያወጣኛል አለ። ወንድሙም ጀርመን ሊሸጥለት ተስማማ።

የያዘው ጠበቃ፣ ሎየሩ፣ መንገዱን ነገረው። መጀመሪያ እዚህ ፓተንት ቢሮ፣ የፈጠራ ባለቤትነት የሚሰጠው ጋ፣ ስዕሉን ታስገባለህ፣ ከዚያ በስድስት ወር ውስጥ ያንኑ ስዕል ጀርመን ታስገባለህ። ታዴ ኦኬ አለ።

የታዴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ለጠየቃቸው ሁሉ ቅጠሉን ይናገራሉ፣ አንዷን ሥር ግን ይተዋሉ። ለልጃቸውም ሳይነግሩ አረፉ። ሶ ልጅየው በአባቱ ወጣ። ለቢሮው በሚገባው ስዕል ላይ ክዳኑን እንደ ድሮው ሾጣጣ፣ እግሩንም እንደ ድሮው አድርጎ አሳለው። አልማዝ ምነው ብትለው፣ ዋናውንማ ለማን ብዬ፣ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓይን አለ አላት።

ስዕሉ ጀርመንም በጊዜው ገባ። እዚህም ውሎ አድሮ፣ መሶብ አይቶ የማያውቅ ቢሮ አያቶቻችን ሲሰፉት የኖሩትን ተራ መሶብ የታዴ ነው ብሎ ማኅተም መታለት። እኛም ደገስን።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሙ ደወለ። ከታዴ ናሙና የገዛ አንድ ነጋዴ ያንን ክዳኑ እግር የሚሆነውን መሶብ አሠርቶ ፍራንክፈርት ላይ እየቸበቸበው ነው። ታዴ ታክሲውን በወጉ ፓርክ ሳያደርግ ሎየሩ ጋ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ሎየሩ የሆነውን ሰምቶ ስዕሉን አገላብጦ፣ ክዳኑ እግር ሲሆን የታለ አለው። ደብቄው ነዋ አለ ታዴ። ሎየሩ መነጽሩን አወለቀ። የሚጠበቅልህ ያሳየኸው ብቻ ነው፣ ያላሳየኸው ያንተ አይደለም አለው። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የታዴን ፊት ሳይ ጠፋ።

ይኸው እስካሁን መሪ ላይ ነው። በቀደም ከኤርፖርት አንዲት ሀበሻ ሴትዮ ጫነ። መንገድ ላይ መሶቧን ከጎኗ ካስቀመጠችው ሻንጣ አውጥታ ክዳኑን ገለበጠችና፣ አየኸው፣ የጀርመን ሥራ እኮ ነው፣ እኛማ መች እንዲህ እናስባለን አለችው።

ታዲያ ምን አልካት ብለው፣ ዝም አልኳት አለኝ። ምስጢር መጠበቅማ ማን እንደ እሱ።