የጋሽ ታደሰ ግድግዳ ራጅ ሲነሳ

እኔ የምለው፣ ሐበሻ ከሐበሻ ቤት ሲገዛ ማስመርመር ነውር ነው ያለው ማነው? ጫማ እንኳ ስንገዛ ለክተን፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራምደን፣ በመስታወት አይተን ነው። ዕድሜ ልካችንን የምንኖርበትን ቤት ግን ዓይናችንን ጨፍነን እንድንፈርም ይጠበቃል። ይህን የምለው አሁን ነው። ያን ጊዜማ ዋናው ጨፋኝ እኔው ነበርኩ።

ጋሽ ታደሰ ዳላስ አጠገብ አርሊንግተን ያለውን ቤታቸውን ሊሸጡልን ተስማሙ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጎንበስ ብለን የምንሳለማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ቤቱን ሲያስጎበኙን፣ "አንድ እንከን ብታገኙ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል" አሉን። ከታች ያለችውን መኝታ ቤት ባለቤቴ አስቴር ወደደቻት። ልጃችን አስም ስላለባት ደረጃ መውጣት ይከብዳታል፤ ይህንንም ነገርናቸው። "ለእሷማ የተሠራች ክፍል ናት!" ብለው መረቁን።

አስቴር ሆስፒታል ስለምትሠራ ነው መሰለኝ፣ ሳይመረመር ጤነኛ የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ኢንስፔክሽን ካልተደረገ አልፈርምም አለች። እኔ "ኧረ ጋሽ ታደሰ ምን ይሉናል?" እያልኩ ስለማመጥ እሷ የቤት መርማሪ ቀጥራ ጨረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዝምተኛ ፈረንጅ መሰላልና ሽጉጥ የመሰለ ካሜራ ይዞ መጣ። ካሜራው የግድግዳውን ሙቀት በቀለም ነው የሚያሳየው፦ ሞቃቱን ቢጫ፣ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ አድርጎ። ሰውየው ግድግዳው ላይ ሲደግነው ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው፣ "ቤቴ ታሟል? ራጅ የምታስነሳው?" ብለው ጮኹብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ሳሎኑ ደህና ሆነ፤ ኩሽናውም እንዲሁ። የልጃችን ክፍል ሲደርስ ግን ሰውየው ቆመ። በዓይን ሲያዩት ነጭ በነጭ የሆነው ግድግዳ፣ በካሜራው ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርድ ሰማያዊ ምላስ አወጣ።

"የኤሲ ንፋስ ነው!" አሉ ጋሽ ታደሰ። ሰውየው ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ጠበቀ። ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም። ካሜራው የሚያየው ቅዝቃዜ እንጂ ውሃ እንዳልሆነ አስረዳንና፣ ለማረጋገጥ ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰካ። መለኪያው ጮኸ።

"ቀለሙ ገና ካልደረቀስ?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

አስቴር በትሕትና፣ "ጋሼ፣ መቼ አስቀቡት?" አለቻቸው።

"ሐሙስ" አሉና ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ሰውየው ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለችውን የቧንቧ መሸፈኛ ክዳን ሲያነሳ ሽታው አባረረን። ውስጡ በሻጋታ ጠቁሯል። ላይ ካለው ሻወር የሚወርደው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሥሩ ምን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጎድጓዳ ሳህን! አፉ ድረስ ሞልቷል።

ቧንቧ ያፈሳል፤ በቧንቧ ማን ይናደዳል? እኔን ያንገበገበኝ ሳህኑ ነው። ሳህን በራሱ እግር ቧንቧ ሥር አይሄድማ! ዕድሜያቸውንም ክብራቸውንም ረሳሁና፣ "ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ማን እንደምትተኛ እያወቁ?" አልኳቸው።

መልሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ታዲያ ሳህን አድርጌ የለም እንዴ? ዝም ብዬ ተውኩት?"

ግዢውን ካንስል አደረግን። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ዳላስን አዳረሰ፦ ሽማግሌ አዋራጆች፣ በካሜራ የሰው ገመና ፈታሾች ተባልን። ሰላምታ የነሱን ሰዎች ነበሩ። በሰው ሻጋታ እኛ አፈርን!

ከወር በኋላ ጋሽ ታደሰ ኮል አደረጉ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ ልቤ ራራ፤ "ኧረ ችግር የለም" የምትለዋን ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

"ስማ፣ የዚያ የባለ ካሜራው ሰውዬ ስልክ አለህ?" አሉኝ። "ዋይሊ ከተማ አንድ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩን ልቤ አላመነውም።"

ምን ላድርግ፣ ሰጠኋቸው። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ብቻ ለማንም እንዳትናገር" አሉኝ፤ "ሻጩ የተከበረ ሰው ነው፣ ይቀየመኛል።"