ኢልሃን ያገኘችው ሁሉ

በየቤቱ አንድ «አገኘሁት» ባይ አለ። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት አለ። ጎረቤትም ከሌለ ተጠንቀቁ፣ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ይህ ፍጡር ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ያበራል፤ ለምን እንደተፈጠረ ትናንት ገብቶታል። ባለፈው ወርም ገብቶት ነበር፤ ያኛው ግን ስህተት ነው፣ እውነተኛው የአሁኑ ነው።

በድሬዳዋ የዚህ ወገን አለቃ ክብርት ዕጩ መሐንዲስ ኢልሃን ናት። ዩኒቨርሲቲ በቆየችበት ዘመን ሁሉ አዲስ ፍቅር ሳትይዝ ያሳለፈችው ወር የለም። ፍቅር ሲባል የወንድ አይደለም፤ የወንድ ቢሆንማ አጎቷ አብዱላሂ መላ አያጣለትም ነበር።

አብዱላሂ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይለመድ እኛም አንተ እያልነው እንቀጥል፤ ቅር አይለውም። ኢልሃን የሟች ወንድሙ ልጅ ናት። ወንድሙ አልጋ ላይ ሆኖ እጁን ይዞ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይቺን ልጅ አስመርቅልኝ።» አብዱላሂ ቃል ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ዱዓ የለውም፤ ኢልሃንን በምርቃት ጋውን ይያት፣ ከዚያ በኋላ አላህ የፈለገውን ያድርግ።

ችግሩ ልጅቷ ከራሷ ትምህርት በቀር ሁሉንም መውደዷ ነው። የውሃ ምህንድስና በምደባ ነው የደረሳት። «ወንዙ አሸዋ በሆነበት ከተማ የውሃ መሐንዲስ!» እያለች በሳቅ ሞተች። ክፍል ትገባለች፣ ፈተናም ታልፋለች፤ ልቧ ግን እዚያ የለም።

መጀመሪያ ፎቶ ማንሳት መጣ። «አዴር፣ አሁን አገኘሁት!» ብላ ሱቅ ገባች። አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ አጎትየውም መልሶ የወንድሙን ልጅ አዴር ይላታል። ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ ልትገዛ የመጣች ሴት ሁሉ በር ላይ ትቆም ጀመር። «ትንሽ ወደ ግራ... አገጭሽን ቀና!» ሴቶቹ ፎቷቸውን አይተው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ድሪያውን ረስተውት ማለት ነው።

ቀጥሎ የግመል ወተት ሳሙና ሆነ። ሚሬ የምትባል ወተት ሻጭ ከጀልዴሳ በጄሪካን እያመጣች ታቀብላት ነበር። ሳሙናው አልረጋም እንጂ ሽታው በደንብ ረግቷል። ሱቁ ለሳምንታት የግመል በረት መሰለ፤ ጨርቅ የገዙ ደንበኞችም አጥበው አጥበው ተመልሰው መጡ።

ከሁሉ የከፋው ዑድ የሚባለው የዐረብ ክራር ነበር። ድሬ ከምሳ በኋላ ትዘጋለች። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይቆለፋል፣ የሚቅም ይቅማል፣ የሚተኛ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ኢልሃን ለልምምድ የመረጠችው ይህንኑ ሰዓት ነው፤ ምክንያቷም ጸጥ ስለሚል ነው። ጎረቤታቸው ጢሞቴዎስ፣ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ የኖረው ጡረተኛ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«አብዱላሂ፣ አቦ! እኔ ባቡር ይዤ እንኳን በዚህ ሰዓት ጡሩምባ አልነፋሁም እኮ!»

«ተዋት፣ ይለቃታል» አለ አብዱላሂ፣ ስለ ወባ እንደሚያወራ ሰው።

እውነትም ለቀቃት። የሚያሳዝነው አንዱ ሲለቃት ሌላው የሚይዛት መሆኑ ነው።

በመጨረሻው ዓመት የመውጫ ፈተናው ደጅ ደርሶ ጓደኞቿ ከላይብረሪ አልወጣ ሲሉ፣ ኢልሃን የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስባ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋመች። ሜዳው ደቻቱ ነው። ደረቁ ወንዝ ላይ ኳስ መጫወት ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር ከቱቦ የተበየደ ጎል ማቆሟ፣ መረቡንም ከአብዱላሂ ሱቅ በወጣ የመጋረጃ ዳንቴል መሥራቷ ነው። አበባ አበባ ያለበት የጎል መረብ ድሬ አይታ አታውቅም።

ይህን ጊዜ ግን አብዱላሂ ተቆጣ።

«አዴር፣ ፈተናው መቼ ነው?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ?»

«ይሄኛው እኮ እውነተኛው ነው፣ ወላሂ! አንተ ራስህ መጥተህ ብታያቸው...»

«የወደቀ ሰው ጋውን አይለብስም። እኔ ለአባትሽ ምን ልለው ነው?»

ኢልሃን አንገቷን ደፋች። «ቅዳሜ ግጥሚያ አለን፤ ከእሱ በኋላ ቁጭ ብዬ አጠናለሁ» አለች።

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንድ ደመና የለም። ደቻቱ ግን ከድሬ ሰማይ አይመጣም፤ የሚመጣው ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው። ይህንን ቆሎ የምትሸጠዋም ታውቃለች። ልቡ ኳስ ላይ የተሰቀለ ሰው ግን ወደ ተራራው አያይም። ገና ከመጀመራቸው ድልድዩ ላይ የቆሙ ሰዎች «ደቻቱ መጣ! ውጡ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ብለው ወጡ፤ አልሃምዱሊላህ፣ አንዷም አልተነካችም። ጎሎቹ ግን ዳንቴላቸውን እንደ ሙሽራ እየጎተቱ ወረዱ።

«የውሃ ተማሪዋን ጎል ውሃ ወሰደው!» አለ ጢሞቴዎስ፤ ከተማው ተቀባብሎ ሲስቅ ሰነበተ።

ኢልሃን አልሳቀችም። እግሯ እስከ ጉልበቷ በጭቃ እንደተለወሰ ሱቅ መጥታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። «ልጆቹን በጎርፍ ላስበላቸው ነበር፣ አዴር» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አብዱላሂ ያዘጋጀው ቁጣ ሁሉ ጠፋበት። የያዘውን ሜትር አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

በማግስቱ፣ ስትሸከማቸው እንጂ ስትወዳቸው ታይታ የማታውቃቸውን መጻሕፍት አወጣች። ደንገጎ ከዘነበ ውሃው ድሬ ለመድረስ ምን ያህል ይቆያል? ተራራው ላይ ያለ ሰው ታች ላለው ቢነግር ሰው ለመሸሽ ይበቃዋል? በሚኒባስ ደንገጎ ወጥታ የየሸለቆውን አፍ አየች። መምህሮቿን በጥያቄ መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው። ከዚያ አንድ ቀን፣ በዚያው ድሬ በምትተኛበት ሰዓት፣ አጎቷን ወዝውዛ ቀሰቀሰችው።

«አዴር! አሁን አገኘሁት!»

«ምን?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ውሃ!»

አብዱላሂ ተነስቶ ተቀመጠ። «ያረቢ! እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ስትማሪ ነበር?»

«ስማርማ ይሄንኑ ነበር። የወደድኩት አሁን ነው።»

የመውጫ ፈተናውን አለፈች። ውጤቱን የሰማ ጊዜ አብዱላሂ ገበያው በደራበት ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወደ ወንድሙ መቃብር ሄደ። እዚያ ለወንድሙ የነገረውን ለማንም አልተናገረም።

የምርቃቷ ዕለት የአብዱላሂ ግቢ በሰው ሞላ። ኢልሃን ጋውኗን እንደለበሰች ተናገሪ ተባለች። «ሰው ልቧ አያርፍም ይለኛል፤ ልክ ነው» አለች። «ግን ያን ሁሉ ነገር መውደድ ባልለምድ ኖሮ፣ ዓይኔ ስር የነበረውን ስወደው እንኳ መውደዴን አላውቀውም ነበር።» ቀጥላም የሥራ ነገር አነሳች፤ በሚመጣው ሳምንት የወንዝ ውሃ ልትለካ ወደ አዋሽ ትሄዳለች። ተጨበጨበላት።

ጢሞቴዎስ የአብዱላሂን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «እንኳን ደስ ያለህ! ልጅቱ አንድ ነገር ላይ ረጋች። በቃ፣ ከእንግዲህ ታርፋለህ።»

«ማን ልረፍ አለህ?» አለ አብዱላሂ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ጮኾ ነበር። «እኔ ሱቅ የምከፍተው ጨርቅ ለመሸጥ ይመስልሃል? ዛሬ ደግሞ ምን አግኝታ ትመጣ ይሆን እያልኩ እኮ ነው በር በር የማየው! አሁን ስትሄድ ማንን ልጠብቅ?»

ይህንን ማለቱን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ኢልሃን ከወንበሯ ተነስታ መጣች፤ ጋውኗን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። አብዱላሂ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ጉሮሮውን አጠራ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ አዴር» አለ። «ይሄ ውሃ ከተራራው እዚህ ድረስ እንዴት ነው የሚመጣው?»

ኢልሃን በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ተራራና ሸለቆ እየሣለች ማስረዳት ጀመረች። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ እንግዶቹም አንድ በአንድ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። አብዱላሂ ከምትለው ግማሹ አልገባውም። ዘመኑን ሁሉ ይቺን ልጅ ጨርሳ ባየኋት ብሎ የለመነ ሰው፣ አሁን ቶሎ እንዳትጨርስ ፈርቶ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠየቃት።