አልፈርስም ያለው ዳስ

በዚህች አገር ሥራ አጥ አናጺ የሚባል ፍጡር የለም! ያለው ደመወዝ አጥ አናጺ ነው። አላምንህም የምትሉ ከሆነ፣ በእንጨት ሥራ ሙያ ከኮሌጅ የተመረቀ ዘመድ ይኑራችሁና እዩት። የጎረቤት በር ሲያቃስት የሚጠራው እሱ ነው። የአክስት አልጋ ሲወዛወዝ ሥሩ የሚንበረከከው እሱ ነው። ሸለምጥማጥ የሰፈሩን ዶሮ ቤት ሲደፍር እንኳ «የት ነበርህ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ክፍያው? ከአንዱ ቤት «አላህ ይጨምርልህ»፣ ከሌላው ቤት «እግዜር ይስጥልኝ»። በምርቃት በኩል እኔ ከቆቦ ባለጸጎች አንዱ ነኝ...

አብሮኝ የተመረቀው ሰዒድ ባጃጅ ይነዳል። «ከእንጨት ጋር ተለያየህ ማለት ነው?» ብዬ በሐዘን ብጠይቀው፣ «እንዴት እለያያለሁ ወንድማለም! ጎማ ስፈታ ባጃጁን ደግፌ የማቆመው በእንጨት ነው» አለኝ። ሌላዋ የክፍላችን ልጅ ሮቢት ገበያ ላይ ሽንኩርት ትነግዳለች። የሽንኩርቱን ሣጥን ራሷ ስለሠራችው፣ ከሁላችንም ለሙያው የቀረበች እሷ ሆናለች።

ኮሌጃችን ግን ልጆቹን የሚረሳ አይደለም። ድምፅዋ የረጋ አንዲት ሠራተኛ በየጊዜው ትደውላለች።

«በተመረቅህበት ሙያ ተሰማርተሃል?»

«በሂደት ላይ ነኝ።»

«ባለፈውም በሂደት ላይ ነበርህ እኮ።»

«ሂደቱ ረዥም ነው፣ እመቤቴ።»

ሂደቱን የሚያሳጥር ሰው ደግሞ ጎብዬ ከተማ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር፤ አጎቴ። አጎቴ ሱቅ አለው። በሱቁ የሚሸጠውን ስነግራችሁ ልባችሁን ያዝ አድርጉ... የፕላስቲክ ወንበር! አናጺን የፕላስቲክ ወንበር ሻጭ ማድረግ በግን ለቀበሮ ተላላኪ አድርጎ እንደመቅጠር ነው። እናቴ ይህ ንጽጽር አልገባትም። የቆረጠችልኝ ቀጠሮም እንደ መጋዝ ስለታም ነበር።

«ማሽላው ከአውድማ እስኪገባ በሙያህ ሥራ ካገኘህ አገኘህ፤ ያለዚያ አጎትህ ዘንድ ትሄዳለህ። ወንበር ወንበር ነው!»

«እማዬ፣ ወንበር ሁሉ ወንበር አይደለም። የእንጨት ወንበር ነፍስ...»

«ይቀመጡበታል?»

«ይቀመጡበታል።»

«እንግዲህ!»

ማሽላው መወቃት በጀመረበት ሰሞን ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ልጃቸውን ዘይነባን ሊድሩ ተነሡ። በእኛ ሰፈር ዳስ የሚጥለው ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ምሰሶው የቅሬው፣ ሸራው የቅሬው፣ ጉልበቱ የጎረምሳው። ሠርግም ይሁን ለቅሶ ዳሱ ይጣላል፤ ነገሩ ሲያበቃ ይፈታል፤ ምሰሶውም ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ደጅ ይጓዛል። ጋሼ ይማም በራችን ላይ ቆመው፣ «አናጺው የለም ወይ? የዘንድሮውን ዳስ እሱ ይምራልን!» ብለው ተጣሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ፍረደኝ። በዚያ ዳስ ሥር የከተማው ግማሽ ይቀመጣል። አልጋ የሚያሠራው፣ በር የሚያሠራው፣ ቡፌ የሚያምረው ሁሉ ቀና ብሎ የእጄን ሥራ ያያል። ከጎብዬ የሚያድነኝ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? መሮዬን፣ መጋዜንና ውሃ ልኬን ይዤ ከተፍ አልሁ። ጎረምሶቹ ከጋሼ ይማም በር ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ የቃጫ ገመድ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር።

«ገመዱን አስቀምጡ» አልሁ።

«በምን ልናስረው?» አለ ሰዒድ።

«ምሰሶና ማገር በወንዴና ሴቴ ይጋጠማል። የአንደኛው ጫፍ ተጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ይገባል፤ ኮላ ይቀባል፤ ከዚያም በእንጨት ችንካር ይመታል።»

«አቦ! ዳስ እኮ ነው! ከሠርጉ ማግስት ይፈርሳል!»

«ሙያ የሚፈርስ ነገር አይሠራም» አልሁት፣ አንገቴን አቅንቼ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ አስታውሱልኝ። ኋላ ምስክር ሆና ትመጣብኛለች።

ፈለፈልሁ፣ ቀባሁ፣ መታሁ። ጎረምሶቹ «ዳስ ነው ወይስ ድልድይ?» እያሉ አሾፉብኝ። እኔ ግን እያንዳንዷን ምሰሶ በውሃ ልክ እየለካሁ፣ የሙሽራው አጃቢዎች ጥሩምባ ከአስፋልቱ በኩል ሲሰማ የመጨረሻውን ችንካር አሳረፍሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ እንግዳው በልቶ ደስ ሲለው፣ የራያ ሜዳ አቧራ ያዘለ ነፋስ ከዞብል በኩል ተነሣ። ይህ ነፋስ ዳስ ሲያይ ሸራ ገልቦ እንግዳውን አፈር ካላለበሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ሸራው ተርገበገበ... ምሰሶው ግን እንደ ዞብል ተራራ ዝም!

«ማሻአላህ!» አሉ የሙሽራው አባት። «ይህን የሠራ እጅ አይታጠፍ!»

እዚያው አንድ ሰውዬ ስለ በር፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ቡፌ አነጋገሩኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና ያላየች መስላ ታየኝ ነበር። ያን ዕለት ጎብዬ ከካርታ ላይ የጠፋች መሰለኝ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ! በማግስቱ ዘይነባ ሄደች፤ ዳሱ ግን ቀረ።

ጎረምሶቹ ሸራውን አወረዱና ምሰሶውን ጎተቱ። ንቅንቅ የለም። ተባብረው ጎተቱ። የለም። ሰዒድ ባጃጁን አምጥቶ ገመድ አሰረና ነዳጅ ሰጠው። ገመዱ ተወጠረ፤ ባጃጁ ጮኸ፤ ከዚያም የፊት ጎማው ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ተነሣ... ሰዒድ ከውስጥ ሆኖ፣ «ሙያ የሚፈርስ ነገር አይሠራም ብሎ ነበር! አውርዱኝ!» ይላል። ወደ ገበያ ሲያልፍ የነበረ አንድ የአፋር ነጋዴ አዝኖልን ግመሉን አዋሰን። ግመሉ አንድ ጊዜ ሳበ፤ ወዲያው ነገሩን መረመረና በርከክ ብሎ እዚያው ጥላ ሥር ተኛ። ባለቤቱ ግመሉን አስነሥቶ ለመሄድ ከእኛ የበለጠ ደከመ።

ሰነበተ። ፍየሎች ገቡበት። ሽማግሌዎች ማገሩ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ጣል አድርገው ቀትሩን የሚያሳልፉበት ሆነ። የባጃጅ ተሳፋሪም «ዳሱ ጋ ወራጅ አለ!» ማለት ጀመረ። ይህ ሁሉ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ሠርግ ደረሰና ቅሬው ምሰሶ አጣ። ቡፌ ያማራት ሴትዮም ስታየኝ መንገድ መሻገር ጀመረች። በር ያማረው ሰውዬ ደግሞ ፊት ለፊት ነገረኝ፦ «በሩን ሠርተህልኝ፣ ኋላ አልከፈትም ቢለኝስ?»

ማሽላው ከአውድማ ሊያልቅ ነው። እናቴ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። አጎቴ ደውሎ፣ «ወንበሮቹ ናፍቀሃቸዋል» አለኝ።

በመጨረሻ ቅሬው በእኔ ጉዳይ ተሰበሰበ። የት መሰላችሁ? በዚያ ቃጠሎ ሌላ ጥላ ስላልተገኘ... ዳሱ ሥር! ሸንጎውም ማስረጃውም አንድ ሆኑብኝ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ እንድሪስ ምሰሶዬን ተደግፈው ጀመሩ፦

«ልጄ፣ ዳስ ጣል አልንህ እንጂ ቤት ሥራ አልንህ?»

«አላላችሁኝም ሐጂ።»

«ታዲያ?»

ስለ እንጨት ባሕርይና ስለ መጋጠሚያ ጥበብ፣ ካነበብኋቸው መጻሕፍት ጋር እያዛመድሁ ማብራራት ጀመርሁ። ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«የኔ ጌታ፣ በአጭሩ!»

በአጭሩ ሲሆን እውነቱ ብቻ ይቀራል። «ጥሩ አናጺ መሆኔን ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ነው» አልሁ።

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ የቅሬው ሰው ሁሉ ተንከተከተ። ዳሱ ያን ጊዜም አልተነቃነቀም።

«በመጋዝ ይቆረጥ!» አለ ሰዒድ። ወዳጅ ነው እንግዲህ!

«ያጠረ ምሰሶ ለማን ይረባል? ዝም በል» አሉት ሐጂ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው። ይህ እዚሁ ይቆማል፤ ቆርቆሮ እናለብሰውና ለቅሬው መሰብሰቢያ ይሁን። አንተ ደግሞ ለቅሬው ሌላ ዳስ ትሠራለህ፤ የሚተከል፣ የሚነቀል! አግዳሚ ወንበሩንም ጨምረህ። እንጨቱ ከቅሬው፣ ምሳው ተራ በተራ ከየቤቱ፣ ጉልበቱ ካንተ። እዚህ ሥር ሆነህ፣ ሁላችን እያየንህ ትሠራታለህ። እስክትጨርስ ከቆቦ አትወጣም!» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። «ጎብዬም ቢሆን ሐጂ?»

«ጎብዬማ ጨርሶ!»

እናቴ ከኋላ፣ «ኧረ ሐጂ፣ አጎቱ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ቅሬ የፈረደበት ሰው የትም አይሄድም፣ ፋጡማ።»

የተፈረደበት ሰው ፊት ለማሳየት ሞከርሁ። አልሆነልኝም፤ ጥርሴ እምቢ አለ። እናቴ ማታ ልብሴን ከሻንጣ ስታወጣ እየተነጫነጨች ነበር፤ ሸሚዞቼን ግን ከበፊቱ አሳምራ አጣጠፈቻቸው።

አሁን በየማለዳው ዳሱ ሥር ቆሜ እጠርባለሁ። ኮላ የለም፤ በችንካር ብቻ፣ የሚገባ የሚወጣ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ አስተያየትም አይነፍገኝም። በር ያማረው ሰውዬ ደጋግሞ መጥቶ የዳሱን ምሰሶ ሰክቼ ስነቅል አይቶ ሲያበቃ፣ ተጠጋኝ።

«በሩ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«በል ሥራልኝ!»

የሰውዬውን በር ጉበን እየላግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ያቺው ድምፅዋ የረጋ ሠራተኛ ናት።

«በተመረቅህበት ሙያ ተሰማርተሃል?»

«አዎ!» አልሁ። ፍየሎቹ ደነገጡ።

እሷም ሳትደነግጥ አልቀረችም። «እውነት? እንኳን ደስ አለህ! ቀጣሪህ ማነው?»

«ቅሬ።»

«ቅሬ... እሺ። የተቀጠርኸው በማስታወቂያ ነው?»

«በፍርድ።»

«ቅጥሩስ? ጊዜያዊ ነው ቋሚ?»

ቀና ብዬ ምሰሶዎቹን አየሁ። አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል።

«እኔ ጊዜያዊ ነኝ» አልኋት፤ «ቋሚው ዳሱ ነው።»