ራሴን ያልጠየቅሁበት ግምት

ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብሎ የሚያምን ሰው ወይ ስዊድናዊ ነው፣ ወይ እኛን አያውቀንም። እኛ ዘንድ ጠያቂን ማሳፈር ነውር ነው። "ወጡ እንዴት ነው?" ከተባልን በርበሬው እያስለቀሰን "ግሩም ነው!" እንላለን። እናንተም ያው ናችሁ፤ አትዋሹኝ።

ምርጫ በደረሰ ቁጥር ግን የስቶክሆልም ቴሌቪዥን ያስቀናኛል። የወጣውን የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሁሉ እንደወረደ አያነበንቡትም። ማን አስጠናው? ተጠያቂዎቹ በዕጣ ተመረጡ ወይስ ደስ ያለው ሁሉ መለሰ? እያሉ ያበጥሩታል። እብቁን ጥለው የቀረውን ያቀላቅሉና አማካዩን ያወጣሉ፤ አንዱ ጥናት ቢያጋንን ሌላው ይገራዋል። ከዚያ ጋዜጠኛዋ ምንም ሳታፍር "ልዩነቱ ከስሕተት ወሰኑ ስላላለፈ ማን እንደሚመራ አናውቅም" ትላለች። ይኼን ሁሉ ለፍቶ "አናውቅም"! የእኛ ሰው ቢሆን ሳይለፋ ያውቅ ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ።

አክብሬ ብቻም አልቀረሁም፣ ቀዳሁት። ባለፈው ዓመት እዚሁ ስቶክሆልም ላለው ዕድራችን ሊቀመንበርነት ከወይዘሮ ሰዓዳ ጋር ተፎካከርኩ። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ኖርስቦሪ ሰፈር አረጋውያን ስትንከባከብ ትውላለች፣ ለታመመም ለሞተበትም ቀድማ ትደርሳለች። እኔ ደግሞ ወንበሩን ለዓመታት ተመኝቼዋለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ! ስልኬን አንስቼ አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። "ከእርስዎ ሌላ ማን አለና!" አሉኝ ሁሉም። ራሷ ሰዓዳ እንኳ "ኧረ ጋሼ፣ የሚገባውስ ለእርስዎ ነው" አለችኝ። አማካዩን ባወጣው ባወጣው ያው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ቢሆን ገና "ማን አስጠናው?" ብሎ ጥናቴን ቅርጫት ውስጥ ይከተው ነበር። እኔ ግን የምስጋና ንግግሬን ጽፌ ኪሴ ከተትኩ።

ሪንከቢ ሰፈር በተሰበሰብን ዕለት ምርጫው እጅ በማውጣት ሆነ፤ እያንዳንዱ ሰው እጁን የሚያወጣው አንዴ ብቻ ነው። መጀመሪያ "ለሰዓዳ" ተባለ። ሰዓዳ ከሁሉ ቀድማ የራሷን እጅ አወጣችና "እኔ ያልመረጥኩትን እናንተ ምረጡልኝ እንዴት እላለሁ?" ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። እኔን ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ተፎካካሪዬ ስትቆጠር እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ስስታም የምባል መሰለኝ። ለራስ እጅ ማውጣትማ እንዴት ተደርጎ! እንደ ጨዋ ልጅ ለሰዓዳ አወጣሁ።

በአንድ ድምፅ አሸነፈች። በእኔው ድምፅ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ግርማ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ እኔ ቃሌን ጠብቄ አንተን ነው የመረጥኩት" አሉኝ። አመንኳቸው፤ እጃቸውን አይቻለሁ። ከአባላቱ ሁሉ ሳልጠይቀው ያለፍኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የምስጋና ንግግር በኪሱ ይዞ ለሰዓዳ ያጨበጭባል።