የጋሽ ተፈራ ካርታ

ዕድገት የት እንዳለ በካርታ የሚፈልግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥመውኛል፤ ሶፋቸውንም ተሸክሜያለሁ።

ጋሽ ተፈራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ባለው አፓርታማቸው፣ የፈጠራ ማዕከላትን ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያጠኑ ነበር። በካርታው ላይ ዙሪክ ደማቅ ቀይ ናት፤ ጄኔቭ ፈዘዝ ትላለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ የፈዘዘው ላይ ተቀምጬ» አሉና ሶፋቸውን በላስቲክ አስጠቅልለው፣ ዕቃቸውን ጭነው ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ገቡ። ከዚህ የበለጠ ቆራጥነት ከወዴት ይመጣል?

ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «አየሩ ራሱ ሐሳብ ያፈልቃል» ይሉኛል ትራም ስንጠብቅ።

በመጀመሪያው እሁድ የዜባህ ሐበሾች ማኅበራቸው ላይ ጠሩን። ኩሽናው ውስጥ አንዲት ሴት የስፖርት ብስክሌት ላይ ወጥታ ፔዳሉን ትመታለች፤ ከፊት የተገጠመው ባለክዳን መክተፊያ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ያደቅቃል። ዓይኗ ላይ አንዲት እንባ የለም።

ጋሽ ተፈራ ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸውም። «አላልኩህም? ጄኔቭ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ ከጄኔቭ ነው የመጣው» አለች ሴትዮዋ ሳትወርድ። «ሰርቬት ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው የሠሩት። ምስኪን፣ ከላያቸው የሚኖር ጎረቤት ‹ጩኸቱ በዛ› እያለ ለቤት አከራዩ ስንቴ ከሷቸዋል መሰላችሁ።»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የክሱን ደብዳቤዎች ለጋሽ ተፈራ በፈረንሳይኛ የጻፍኩላቸው እኔ ነኛ።

ጋሽ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የሶፋውን ላስቲክ ገና አልላጥነውም አይደል?»