አላፈራ ያለው የሊቁ ቃሪያ

[የጓሮ አትክልት መደብ። ሰፈርተኛው «ሊቁ» የሚለው ጡረታ የወጣ የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ሰሃን ላይ በተጋደመች ካሮት ፊት ተንበርክኳል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ግንብ ተጋርቶት የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ፣ ስልክ ደግኖ ፎቶ ያነሳል። ከኋላቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ለምለም ተክል ቆሟል።]

ሊቁ፦ እንደገና አንሳ! ጣትህ ገብቷል።

አማቹ፦ ኧረ ጣቴ አልገባም ጋሼ።

ሊቁ፦ ታዲያ ይሄ መሀል ላይ የተጋደመው ምንድን ነው?

አማቹ፦ ካሮቷ ናታ።

ሊቁ፦ [ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ] እና ጣትህን ነው የምታክለው?

አማቹ፦ የኔ ጣት እንኳ ወፈር ይላል።

ሊቁ፦ ስማ፣ ጥፋቱ የካሮቷ አይደለም፤ ያንሺው ነው። ጎንበስ በልና ከታች ወደ ላይ አንሳት። ከታች ሲነሳ አጭር ሰው እንኳ ግዙፍ ይመስላል።

አማቹ፦ [መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ] እንዴ፣ እውነትህን ነው! በጣም ትልቅ ሆነሃል።

ሊቁ፦ እኔን ማን አንሳ አለህ! ካሮቷን!

አማቹ፦ እሷማ ጫማህ አጠገብ ሆና አልታይ አለችኝ።

ሊቁ፦ ጫማዬን ላውልቀው?

አማቹ፦ ተወው ጋሼ። አውራ ጣትህ እንዳይበልጣት እፈራለሁ።

ሊቁ፦ አንተ ነገሩ አልገባህም። የጓሮ አትክልተኞች ግሩፕ ውስጥ ሰው ሁሉ የወቅቱን ምርት እያወጣ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱባ አቅፋ ተነስታለች፤ ስታየው ዱባው ነው እሷን ያቀፋት የሚመስለው። የጥርስ ሐኪሙ ቲማቲም በባልዲ! ግሩፑን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «እንዲህ ኮትኩቱ፣ እንዲያ አጠጡ» እያልኩ ስመክር የከረምኩት እኔ፣ አሁን አንዲት ካሮት በሰሃን ይዤ ልውጣ?

አማቹ፦ ሰላጣው ነበረ እኮ።

ሊቁ፦ ሰላጣውን ቀንድ አውጣ ጨረሰው።

አማቹ፦ ቲማቲሙስ?

ሊቁ፦ ውሃ አብዝቼበት በሰበሰ።

አማቹ፦ ጎመኑስ?

ሊቁ፦ ቲማቲሙ በውሃ ሲሞትብኝ ጊዜ ጎመኑን ውሃ ከለከልኩት። ምንድን ነው ይሄ? ምርመራ ነው?

አማቹ፦ አይ፣ እትዬ ስትጠይቀኝ የምመልሰው እንዳላጣ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ እህትህን አታንሳብኝ! ጠዋት ስትወጣ ምን ብላኝ እንደወጣች ታውቃለህ? «ስመለስ ከዚህ ጓሮ አንድ ቅርጫት የሚሞላ ነገር ካላሳየኸኝ ቦታው የልብስ ማስጫ ይሆናል፤ ገመዱን ይዤ ነው የምመጣው» ብላ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን መሪ አስይዤ፣ ጡረታ ስወጣ የቀረችኝ ይቺው መደብ ናት። እሷን ከወሰደችብኝ ቀኑን በምን ልግፋው? ሶፋ ላይ ተቀምጬ እሷን «ማርሽ ቀይሪ» ልበላት?

አማቹ፦ ትላት ነበር እኮ። ድስት ስታማስል «ቀስ በይ፣ ኩርባ ነው» ያልካት ቀን ትዝ ይለኛል።

ሊቁ፦ ለዚህ አይደል ወደ ጓሮ ያባረረችኝ!

አማቹ፦ አይዞህ ጋሼ። ደግሞስ ያ ቃሪያህ አለልህ አይደል? [ወደ ረጅሙ ተክል አንጋጦ]

ሊቁ፦ [ፊቱ እየፈካ] እሱማ አለ! እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር። ግንዱን እየው እስቲ!

አማቹ፦ ቃሪያ እስከዚህ ያድጋል እንዴ?

ሊቁ፦ በማያውቅ ሰው እጅ አያድግም።

አማቹ፦ እታች መንገድ ዳር፣ ቱቦው አጠገብ፣ ቁርጥ ይሄን የሚመስል አለ።

ሊቁ፦ እሱ አረም ነው።

አማቹ፦ በምንድን ነው የሚለዩት?

ሊቁ፦ ያኛውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይሄኛው ግን ፍግ ይበላል፤ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል፤ ነፋስ እንዳይጥለው በእንጨት ተደግፏል። ሲበርድ አሮጌው ካፖርቴን አለብሰዋለሁ።

አማቹ፦ ያንለት ነዋ! እኔኮ ካፖርቱን አይቼ «ጋሼ እንዴት አደርክ» ብዬዋለሁ።

ሊቁ፦ እሺ?

አማቹ፦ ዝም አለኝ። የተቀየምከኝ መስሎኝ ስንት ቀን ፈርቼ ቀረሁ።

ሊቁ፦ አይ አንተ! ቃሪያና ሰው የማትለይ።

አማቹ፦ ግን ጋሼ፣ ቃሪያው የታለ? ቅጠል ብቻ እኮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን።

ሊቁ፦ እውቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ዝርያ ፍሬውን ቅርንጫፍ ላይ ይዞ አይታይም። ሌሊት ያፈራና ሳይነጋ ያራግፈዋል። ጠዋት ስወጣ ሥሩ ላይ ወድቆ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። አንዳንዴማ ግንቡ ጥግ ድረስ ይስፈነጠራል! «የሚስፈነጠር ቃሪያ» ብዬ ለግሩፑ ስጽፍ ስንት ሰው ልብ እንደላከልኝ!

አማቹ፦ [ራሱን እያከከ] እንዲህ ነው እንዴ...

ሊቁ፦ እንዲህ ነው። በል አሁን ደግሞ ያንተን ምርት ንገረኝ። ከኔ የባሰ ስሰማ ትንሽ ይቀለኛል።

አማቹ፦ እኔማ ምን ተክዬ? እኔ ጓሮ ያለው ያ ያስጣልከኝ ቆሻሻ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ የቱ ቆሻሻ?

አማቹ፦ [አንገቱን ደፍቶ] እንዳትቆጣኝ። ወቅቱ ሲጀምር መደቡን ስታርም፣ የነቀልከውን በፌስታል ሞልተህ «ይሄን አረም ገንዳ ውስጥ ጣልልኝ» ብለኸኝ አልነበር?

ሊቁ፦ ብዬሃለሁ።

አማቹ፦ ገንዳው ደግሞ ሩቅ ነው። ስንፍናዬን ታውቀው የለ? ኋላ እወስደዋለሁ ብዬ ከቤቴ ጀርባ፣ የዕቃ እጣቢ የሚፈስበት ጋ ዘረገፍኩት። ኋላ እንዳልኩ ቀረሁ።

ሊቁ፦ እስከ ዛሬ? ወቅቱ አለቀ እኮ! አልሸተተህም?

አማቹ፦ አልሸተተም። ተነስቶ ቆመ።

ሊቁ፦ ማን?

አማቹ፦ ቆሻሻው። ከዚያ አበበ። አሁን የጓሮ በሬን መክፈት አቅቶኛል።

ሊቁ፦ አየህ፣ አረም ማለት ይሄ ነው! ዝም ካልከው ከቤትህ ያስወጣሃል። እኔን ብትሰማኝ ኖሮ!

አማቹ፦ እንዳትቆጣ ደብቄህ ነው። እትዬ ግን ታውቃለች።

ሊቁ፦ እሷ ዝም አለችህ?

አማቹ፦ ጠዋት ጠዋት ዘንቢል ይዛ እየመጣች ትለቅምልኛለች።

ሊቁ፦ ቆሻሻ ትለቅማለች?

አማቹ፦ አዎ። ወስዳ ታጥበዋለች።

ሊቁ፦ ደግሞ ማጠብ ምን አመጣው?

አማቹ፦ ሳይታጠብ ይበላል እንዴ?

ሊቁ፦ [ደረቱን ይዞ] ሚስቴ ቆሻሻ ትበላለች!

አማቹ፦ ኧረ አንተም ትበላለህ ጋሼ። ትናንት ምሳ ላይ «ኡፍ! የገበያ ነገር እንዲህ አያቃጥልም፣ ይሄ የኔ ጓሮ ነው» ስትል አልነበር?

ሊቁ፦ እሱ እኮ ቃሪያ ነው!

አማቹ፦ እትዬም እንደዚያ ነው የምትለው። እኔ ግን አንተ አረም ነው ስላልክ አንተን ነው ያመንኩት።

[ሊቁ ቀስ ብሎ ወደ ረጅሙ ተክል ይዞራል።]

ሊቁ፦ ቆይ። ቆይ፣ ፍሬን ያዝ። እኔ ነቅዬ የሰጠሁህ... ቃሪያውን ነው?

አማቹ፦ በፌስታሉ የነበረው እሱ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

አማቹ፦ እሱን አንተ ነህ የምታውቀው። ካፖርት ያለበስከው አንተ።

ሊቁ፦ ግን እኮ ያፈራል! ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ...

አማቹ፦ እሱን እንኳ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ምኑን ነህ?

አማቹ፦ በግንቡ ላይ የምወረውረው። የሰው ንብረት ብቻዬን ስበላ ሕሊናዬ እረፍት ነሳኝ። ሥራ ስሄድ ሦስት አራቷን ወርወር አደርግልሃለሁ። አንዳንዴ ጉልበት አበዛለሁ መሰለኝ።

ሊቁ፦ [መሬት ላይ ዘፍ ብሎ] የሚስፈነጠር ቃሪያ! በግሩፕ ላይ! በልብ ታጅቦ!

አማቹ፦ ጋሼ፣ አመመህ?

ሊቁ፦ ሳቅብኝ፣ ግዴለም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ጠምጥሜ ጠምጥሜ ጆሮዬን ሸፈንኩት። ሰፈሩ «ሊቁ» ሲለኝ እኮ ሙገሳ መስሎኝ ደረቴን እነፋ ነበር!

አማቹ፦ ስድብ ነው እንዴ? እኔ እስከ ዛሬ የምር ነው የምልህ።

ሊቁ፦ [እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ] አንተ አንድዬ። ከሰፈሩ ሁሉ የሚያምነኝ አንተ ብቻ ነህ፤ አንተም አምነኸኝ ይኸው በርህ አልከፈት አለህ።

አማቹ፦ በል ተነስ፣ እትዬ ሳትደርስ ከኔ ጋ ለቅመን ቅርጫቱን እንሙላው።

ሊቁ፦ ጠዋት ጠዋት ራሷ የምትለቅመውን? «ይሄን የት አየሁት» አትልም? ቆይ ግን፣ ይሄን ሁሉ እያወቀች ለምንድን ነው ቅርጫት ሙላ ያለችኝ?

አማቹ፦ ማስጫ ቸግሯት ነዋ። የድሮው ገመድ የነበረው እኔ ጓሮ አይደል? ቆሻሻው ሲያድግ ልብሱ ቃሪያ ላይ መተኛት ጀመረ። ያኔ የሸሚዝህ አንገት ሲያቃጥልህ የሰነበተው ለዚያ ነው።

ሊቁ፦ ፎረፎር ነው ብዬ አንተው ጋ መጥቼ ፀጉሬን ሙልጭ አድርጌ የተላጨሁት?

አማቹ፦ «ፎረፎር ነው» አልከኝ። አንተ ካልክ ብዬ ላጨሁህ።

ሊቁ፦ [ራሱን ዳሰሰ] ስልኩን አምጣ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፣ በድምፅ ልንገራቸው። [ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ] ውድ የግሩፑ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ። የዘንድሮ ምርቴ አንዲት ካሮት ናት፤ ከሩቅ እንዳታዩዋት። የሚስፈነጠረው ቃሪያ የሚስፈነጠረው በአማቼ ክንድ ነው። ቃሪያውን ነቅዬ አረም ስቀልብ ከርሜያለሁ። ለሚቀጥለው ወቅት የመጨረሻ ምክሬን ስሙኝ፤ እኔ የተከልኩትን ንቀሉ፣ እኔ የነቀልኩትን ትከሉ። [ይልካል። ስልኩ ወዲያው ይጮሃል።] አንብብልኝ፤ እኔ ማየት አልችልም።

አማቹ፦ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። «እኛማ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው ያደረግነው። ‘ዱባ አትትከሉ’ ሲሉን ነው የተከልኩት» ትላለች።

ሊቁ፦ የጥርስ ሐኪሙስ?

አማቹ፦ «እባክዎ ምክርዎን እንዳያቆሙ፤ በምን እንመራለን» ይላል። [ስልኩ እንደገና ጮኸ] ይቺ ደግሞ እትዬ ናት። «ሰምቼሃለሁ። ደጅ ደርሻለሁ፣ ገመዱን ይዣለሁ። ያን ረጅሙን ግን እንዳትነቅለው፤ አንዱን የገመድ ጫፍ እሱ ላይ ነው የማስረው።»

ሊቁ፦ [ተክሉን ተደግፎ] በቃ፣ መደቤ ሄደች።

አማቹ፦ አትዘን ጋሼ። ከነገ ጀምሮ እኔ ጓሮ ና፤ ግማሹ ያንተ ነው። አንተ ያሻህን ንቀል፣ እኔ ወስጄ እዘረግፈዋለሁ።

ሊቁ፦ እሱስ እሺ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ፍግ አብልቼው፣ ካፖርቴን አልብሼው፣ አንዲት ፍሬ ሳያሳየኝ የገመድ ቋሚ ሆኖ ሊቀር!

አማቹ፦ [ግንዱን ነቅነቅ አድርጎ እየሞከረ] ኧረ ዛሬውኑ ያፈራል ጋሼ። እትዬ መጀመሪያ የምትሰቅለው ያንተን ሙታንታ ነው።