የሁለት ሴኮንድ ትንፋሽ

ሰው ለቀጠሮ ሁለት ሰዓት አርፍዶ «ትንሽ ቆየሁ እንዴ?» በሚልበት አገር ስለ ሁለት ሴኮንድ ማውራት ራሱ ድፍረት ነው። እኔ ግን በሃምሳዎቹ ዓመታት ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ነበርኩና ሁለት ሴኮንድ ምን ያህል እንደምትረዝም አውቃለሁ። ካላመናችሁኝ ሳል እየተናነቃችሁ ትንፋሻችሁን ያዙና ሞክሩት።

ማርታ ከሁምቦ የመጣችው በባሏ በጳውሎስ በቅሎ ተጭና ነው። ሳሉ አልለቅ ሲላት አማቷ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብለው ፈረዱ፤ የምትበላበትን ዕቃ ለዩ፤ የአራት ወር ልጇንም ወሰዱባት። እሷ ጡቷ ሲያግት ወተቷን እያለበች ታፈሳለች። ሐኪማችንም ነቀርሳውን ጠረጠረና «ፊልሙ ይፍረድ» አለ።

ፊልሙ እንዴት ይፍረድ? የራጅ መኪናችን ደካማ ናት፤ ደረት ለማንሳት ሁለት ሴኮንድ ትፈጃለች። ማርታ ደግሞ ሳታስል አንዲቷንም አትቆይም። ባሳለች ቁጥር ደረቷ ይነቃነቃል፤ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል። ሁለት ፊልም አበላሸሁ። ሐኪሙ ጭጋጉን አይቶ «ለጊዜው ከልጇ ተለይታ ትቆይ» አለ።

«ልጄን ሳላቅፍ ልሞት ነው?» አለችኝ በወላይትኛ።

እርሳስ አነሳሁ። ጨረር የሚወጣበት ቱቦ ከፊልሙ የሚርቀውን በግማሽ ብቀንስ ጨረሩ አራት እጥፍ ይበረታል፤ እንግዲያው የጊዜው ሩብ ይበቃል። ግማሽ ሴኮንድ! ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ በሒሳብ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ራሴን አላምንም። ቱቦውን አስጠጋሁ።

«እህቴ፣ መጀመሪያ ደህና አድርገሽ ሳዪ። ሲወጣልሽ አየር ሳቢና ያዢ።»

ያዘች። የመኪናዋን ቁልፍ ተጫንኩት።

ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ «ልቧ ምነው ተለቀ?» አለ።

«ልቧ አይደለም ዶክተር፤ ቱቦውን ስላቀረብኩት ጥላው ሰፍቶ ነው።»

ሳቀ። ከታች በቀኝ በኩል የሳንባ ምች ነበረባት እንጂ ነቀርሳ የሚመስል ነገር አልታየም። ፔኒሲሊን ተወጋች፤ በሳምንቱ ሳሉ ለቀቃት።

አማቷ ግን በወሬ የሚያምኑ ሴት አልነበሩም። ማርታ ፊልሙን ለምናን ይዛ ሄደች፤ ደጃፋቸው ላይ በፀሐይ ዘርግታ አሳየቻቸው። ጳውሎስ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ አሮጊቷ ገልብጠውም ዘቅዝቀውም ብዙ አዩት።

«ይሄማ አጥንት ብቻ ነው!» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን የጨረሳት ረሃብ ነው። በሉ ልጇን ስጧት፤ ምግብም አቅርቡላት!»

ሒሳቤን ማንም አላየልኝም። ሕፃኑ ግን ጠባ።